ከእስር በኋላ የሚሰጥ ሥራ ስንት ያወጣል?

ከእስር ለተፈቱ ሰዎች ሥራ የሚያስገኙ ድርጅቶች የሚያወጡትን ሪፖርት ያነበበ ሰው አንድ ቁጥር አያጣበትም፤ ወጪ የተደረገው አንድ ዶላር ለኅብረተሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ዶላር መልሷል የሚል። ቁጥሩ ለለጋሽ ለመንገር ይመቻል፤ ለጋዜጣ ርዕስም ይሆናል። ትርፉ በማን ኪስ እንደገባና ከየት ተቆጥሮ እንደተገኘ ግን አብዛኛው አንባቢ ሳያውቅ ያልፈዋል።

ስሌቱ ለማሳመኛ ብቻ በሚያገለግልበት ጊዜ ይህ ብዙም አያሳስብም ነበር። በ2010 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የብሪታንያ መንግሥት በፒተርቦሮ እስር ቤት «ውጤት ካላየሁ አልከፍልም» የሚል ውል ገባ። አሜሪካም በ2018 ባወጣችው ሕግ ለመሰል ክፍያዎች 100 ሚሊዮን ዶላር መደበች። ያ ማሳመኛ የነበረው ቁጥር የክፍያ ሰነድ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ማን አሰላው፣ ከማን ጋር አነጻጸረው፣ ምንስ ተወው የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ ገንዘብ ያዘሉ ይሆናሉ።

በሩ ለምን ይጠብባል?

የአሜሪካ የፍትሕ ስታቲስቲክስ ቢሮ በ2005 በ30 ግዛቶች ከእስር የወጡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ 68 በመቶ ያህሉ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ደግሞ 83 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደገና በፖሊስ ተይዘዋል። በእንግሊዝና በዌልስ የፍትሕ ሚኒስቴር ባወጣው ግምት በ2016 የተመዘገቡት ጥፋተኞች ተመልሰው የፈጸሙት ወንጀል 18.1 ቢሊዮን ፓውንድ ኪሳራ አድርሷል።

በሥራው በኩል ያለው ሥዕልም ከዚህ አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ ቀድሞ ታስረው የነበሩ ሰዎች የሥራ አጥነት መጠን በ2008 ወደ 27 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የጠቅላላው ሕዝብ ግን 6 በመቶ አይሞላም ነበር። ምክንያቱ የክህሎት ማነስ ብቻ አይደለም። የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዋ ዴቫ ፔጀር በ2003 ባሳተመችው ጥናት በሚልዋኪ ከተማ ተመሳሳይ የትምህርትና የሥራ ታሪክ የያዙ ወጣቶችን ለሥራ እንዲያመለክቱ ላከች። የወንጀል መዝገብ የሌለባቸው ነጮች ከላኩት ማመልከቻ 34 በመቶው፣ መዝገብ ያለባቸው ነጮች ደግሞ 17 በመቶው መልስ አገኘ። መዝገብ የሌለባቸው ጥቁሮች 14 በመቶ፣ መዝገብ ያለባቸው ጥቁሮች 5 በመቶ ብቻ አገኙ። ንጹሕ ጥቁር ከተፈረደበት ነጭ ያነሰ ዕድል ነበረው ማለት ነው።

አሠሪው የሚፈራው ኪሳራን ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1966 ጀምሮ ከእስር የወጣ ሰው ለሚቀጥር ድርጅት የ5,000 ዶላር ዋስትና በነፃ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ሠራተኛው ቢሰርቅ ወይም ቢያጭበረብር ኪሳራው ከዚያ ይካሳል። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስ መጥራት በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከማረሚያ ቤት የወጣ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያጣው ዋስ የሚሆነውን ሰው ነው። እዚያ ዋስ የሆነው መንግሥት ነው።

እስከዚህ ድረስ መንገዱ ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሥራ የለም፣ ስለዚህ ወንጀል አለ፤ ሥራ ስጥ፣ ወንጀሉ ይቀንሳል። መለኪያው ሲመጣ ግን ቀጥተኛነቱ ይጠፋል።

ከማን ጋር ሲነጻጸር?

አንድ ድርጅት 100 ሰዎችን መዝግቦ አሠለጠነ፣ ሥራ አስገባ እንበል። ከዓመት በኋላ 70ዎቹ ወደ እስር አልተመለሱም። ድርጅቱ «70 በመቶ ተሳክቶልናል» ይላል። ግን ማልደው ተነሥተው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ሥልጠናው ድረስ የመጡት ሰዎች እነማን ናቸው? ከመጀመሪያውም ኑሯቸውን ለመለወጥ የቆረጡት ናቸው። ድርጅቱ ባይኖርም ብዙዎቹ ላይመለሱ ይችሉ ነበር። ፋይዳው በ70 እና ያለ ድርጅቱ ሊሆን ይችል በነበረው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ያ ሁለተኛ ቁጥር ደግሞ በዓይን አይታይም።

ይህ ችግር ምን ያህል እንደሚያሳስት የታየው ከእስር የወጡ ሰዎችም በነበሩበት አንድ ትልቅ ሙከራ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ «ሰፖርትድ ወርክ» የተባለ ፕሮግራም አመልካቾችን በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ የተደገፈ ሥራ ሰጠ፣ ግማሾቹን ተወ። በድጎማ የሚኖሩ እናቶች ተጠቀሙ፤ ከእስር የወጡት ቡድን ግን በጥቅሉ ሲታይ ልዩነት አላሳየም። ከዓመታት በኋላ፣ በ1986፣ ሮበርት ላሎንድ የተባለ ኢኮኖሚስት አንድ ብልህ ጥያቄ አነሣ፦ ዕጣ ባይወጣና ተመራማሪው ተጠቃሚዎቹን ከሌላ የሕዝብ መረጃ ከተወሰዱ ሰዎች ጋር ቢያነጻጽር ኖሮ ትክክለኛውን መልስ ያገኝ ነበር? በጊዜው የተለመዱ የስሌት ዘዴዎችን ሞከረ። ብዙዎቹ መልሶች ከዕጣው ውጤት የራቁ ሆኑ፤ አንዳንዶቹ የጠቀመውን ፕሮግራም ጎጂ አስመሰሉት።

ከዚያው መረጃ ሌላም ነገር ወጣ። ክሪስቶፈር ኡገን በ2000 እንደገና ሲመረምረው ሥራው ዕድሜያቸው ከ26 በላይ በሆኑት ዘንድ ወንጀልን ቀንሶ፣ በወጣቶቹ ላይ ግን ለውጥ ሳያመጣ አገኘው። የሁሉም አማካይ ዜሮ ሆኖ ውስጡ ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ነበሩ። «ፕሮግራሙ ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ጥያቄ ነው፤ ለማን እንደሚሠራ ነው መጠየቅ ያለበት።

ዕጣ ማውጣት ሁልጊዜ አይቻልም፤ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል፣ አገልግሎት ፈልጎ የመጣን ሰው መመለስም ለኅሊና ይከብዳል። ብሪታንያ ለዚህ ያበጀችው መላ ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ የመረጃ ቤተ ሙከራ ነው። አነስተኛ ድርጅት እንኳ ያገለገላቸውን ሰዎች ዝርዝር ለፍትሕ ሚኒስቴር ይልካል፤ ሚኒስቴሩ በዕድሜ፣ በወንጀል ታሪክና በቅጣት ዓይነት የሚመሳሰሉ ሰዎችን ከመዝገቡ ፈልጎ ያነጻጽርለታል። የዚያው ሚኒስቴር የ2013 ጥናት በዚህ ዓይነት ማመሳሰል፣ ከዓመት በታች ታስረው ሲወጡ ሥራ ያገኙ ሰዎች እንደገና ወንጀል የመፈጸም መጠናቸው ከአቻዎቻቸው በ9.4 የመቶኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ቁጥሩ ጥሩ ነው፤ የላሎንድ ጥላ ግን አይለቀውም። የሰውየው ቁርጠኝነት፣ የእናቱ ቤት በሩ ክፍት መሆኑ፣ መጠጥ መተዉ በመዝገብ ላይ አይሰፍሩም።

የኒውዮርኩ ሙከራ

በዚህ መስክ ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ጥናት የኒውዮርኩ «ሴንተር ፎር ኢምፕሎይመንት ኦፖርቹኒቲስ» ነው። በ1970ዎቹ በቬራ የፍትሕ ተቋም ሥር ተጀምሮ በ1996 ራሱን ቻለ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከእስር የወጣው ሰው ለጥቂት ቀናት ስለ ሥራ ሥርዓት ይማራል፤ ከዚያ በትንሽ ጓድ ሆኖ የመንግሥት ሕንፃ ያጸዳል፣ ይጠግናል፤ ክፍያው አነስተኛው የደመወዝ መጠን ሲሆን የሠራበትን በዕለቱ ይቀበላል። በሳምንት አንድ ቀን ቋሚ ሥራ ከሚያፈላልግለት ሰው ጋር ይገናኛል። የዕለት ክፍያው ቀላል ነገር መስሎ ይታያል፤ ኪሱ ባዶ ለሆነና የድሮ ጓደኞቹ በመንገዱ ጥግ ለሚጠብቁት ሰው ግን ወር እስኪሞላ ጠብቅ ማለት ሌላ ነገር ነው።

ኤምዲአርሲ የተባለው የምርምር ድርጅት በ2004 እና በ2005 የመጡ 977 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ወገን ሙሉውን አገልግሎት፣ ሌላው ሥራ መፈለጊያ መጠነኛ ድጋፍ ብቻ አገኘ። ከዚያ ሦስት ዓመት ክትትል ሆነ፤ ምንጮቹ አሠሪዎች ለሥራ አጥነት መድን የሚያስመዘግቡት የደመወዝ መረጃና የፍትሕ አካላት መዝገብ ነበሩ።

ውጤቱ ብዙዎችን ግራ አጋባ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሥራ ልዩነቱ ግዙፍ ነበር፤ ጊዜያዊው ሥራ ራሱ ስለሚቆጠር ይህ አያስገርምም። ዓመት ሳይሞላ ልዩነቱ ተነነ። ጊዜያዊ ሥራ ያገኙትና ያላገኙት በቋሚ ሥራ እኩል ሆኑ። በሥራ ቁጥር ብቻ ቢለካ ፕሮግራሙ ወድቋል። ግን በእስር በኩል ሌላ ነገር ታየ፤ እንደገና መያዝ፣ መፈረድና መታሰርን በሚመለከቱት መለኪያዎች ከ16 እስከ 22 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ተገኘ። ቅናሹ ይበልጥ የጎላው ከተፈቱ ሦስት ወር ሳይሞላቸው በመጡት ዘንድ ነው። ለአንድ ሰው የወጣው 4,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ ገምጋሚዎቹ ባሰሉት መሠረት ጥቅሙ ወጪውን በልጧል፤ የጥቅሙም ትልቅ ድርሻ የመጣው ከፖሊስ፣ ከፍርድ ቤትና ከእስር ቤት ወጪ መቀነስ ነው።

እንግዲህ ሥራ ወንጀልን የሚቀንሰው ቋሚ ገቢ ስለሚያስገኝ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ እዚህ አይሠራም፤ ቋሚ ገቢው አልመጣምና። እንደ እኔ ግምት ፕሮግራሙ የሸጠው ነገር ጊዜ ነው፦ አደገኛዎቹን የመጀመሪያ ሳምንታት የሚሞላ ሥራ፣ የዕለት ብር፣ «ነገ እንዳትቀር» የሚል አለቃ። ይህ ከሆነ ደግሞ «ስንት ሰው ሥራ አስገባችሁ?» የሚለው መለኪያ የሚቆጥረው ድርጅቱ የማያመርተውን ዕቃ ነው።

ለሞቅታው ልጓም የሚሆን ሁለተኛ ጥናት አለ። በቺካጎ፣ በዲትሮይት፣ በሚልዋኪና በሴንት ፖል ከተሞች ከ1,800 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት ተመሳሳይ ሙከራ ተካሄደ፤ ገምጋሚውም ያው ኤምዲአርሲ ነበር። የሥራው ብልጫ እንደ ኒውዮርኩ ጠፋ፤ በወንጀል በኩል ግን ምንም ቅናሽ አልታየም። አንድ ሞዴል በአንድ ከተማ ስለሠራ ሌላ ከተማ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ከኒውዮርኩ ውጤት ተነሥቶ የሌላ ከተማን «ማኅበራዊ ትርፍ» ማባዛት፣ ሪፖርቶች ሁልጊዜ የሚያደርጉት ቢሆንም፣ በብድር መኩራት ነው።

ወደ ብር ሲመነዘር

ውጤቱ ታወቀ እንበል፤ 100 ሰዎች ሊታሰሩ ሲችሉ አልታሰሩም። ይህ ስንት ብር ነው?

የኒውዮርክ ከተማ የሒሳብ ተቆጣጣሪ በ2021 እንዳስታወቀው ከተማዋ በራይከርስ ደሴትና በሌሎች እስር ቤቶቿ ለአንድ ታሳሪ በዓመት 556,539 ዶላር ታወጣ ነበር። ትርፍ የሚያሰላ ድርጅት ይህን ቁጥር ሲያገኝ ዓይኑ ይበራል፤ አንድ ሰው ለአንድ ዓመት ከእስር ሲድን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቆጠበ ማለት ነዋ! አልቆጠበም። አንድ ታሳሪ ሲቀር ጠባቂው ደመወዙን ይቀበላል፣ መብራቱ ይበራል፣ ጣሪያው ይጠገናል። የሚቀረው ወጪ ምግቡ፣ መድኃኒቱ፣ ልብሱ ነው። ትልቁ ቁጠባ የሚመጣው የታሳሪ ቁጥር ወርዶ አንድ ክፍል ሲዘጋ፣ ከዚያም አልፎ አንድ እስር ቤት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ያም የፖለቲካ ውሳኔ እንጂ የሒሳብ ውጤት አይደለም።

ነገሩ ከዚህም ይጠማዘዛል። የራይከርስ ቁጥር ያን ያህል ያበጠው ታሳሪው በብዙ ሲቀንስ ሠራተኛውና ሕንፃው በዚያው መጠን ስላልቀነሱ ነው። አማካይ ወጪን የሚጠቀም ስሌት እንግዲህ እስር ቤቱ ባዶ እየሆነ በሄደ ቁጥር ብዙ «ቁጠባ» ይመዘግባል፤ ግብር ከፋዩ ግን አንድ ሳንቲም ላያይ ይችላል።

የተጎጂዎች ኪሳራ ሌላው ክብደት ነው። በ2010 የወጣ በብዛት የሚጠቀስ የአሜሪካ ጥናት የአንድ ግድያን ማኅበራዊ ዋጋ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር፣ ቤት ሰብሮ የሚፈጸምን ስርቆት ደግሞ ወደ 6,500 ዶላር ተምኖታል። በዚህ ተመን አንድ ግድያ ወደ 1,400 ከሚጠጉ ስርቆቶች ጋር እኩል ይመዝናል። ሺህ ሰው ባለበት ጥናት በአንዱ ቡድን አንድ ግድያ ቢደርስ፣ በሌላው ባይደርስ የጠቅላላው ትርፍና ኪሳራ ምልክት ይገለበጣል። አንዳንድ ተንታኞች በዚህ ምክንያት ግድያን ከስሌቱ ያወጡታል፤ ሲያወጡት ደግሞ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራውን ነገር ዋጋ ዜሮ አደረጉት ማለት ነው። ሁለቱም አያረካም።

ደመወዝም ሲቆጠር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በድጎማ የተከፈለ ደመወዝ ከግብር ከፋዩ ኪስ ወደ ሠራተኛው ኪስ የዞረ ገንዘብ ነው፤ ትርፉ የጸዳው ሕንፃ እንጂ ክፍያው አይደለም። ቋሚ ሥራ ሲገኝ ደግሞ ያንን ሥራ ማን ሊያገኘው ነበር የሚል ጥያቄ ይከተላል። ፈረንሳይ ውስጥ ሥራ አጥ ወጣት ምሩቃን ላይ የተደረገና በ2013 የታተመ ሰፊ የዕጣ ሙከራ እንዳሳየው፣ በተለይ ሥራ በጠፋበት አካባቢ የተረዱት ያገኙት ብልጫ በከፊል ካልተረዱት የተወሰደ ነበር። ከእስር የወጣው ሲቀጠር ያልታሰረው ድሃ ጎረቤቱ ከቀረ፣ ተራው ተቀያየረ እንጂ ሥራው አልበዛም። እዚህ ላይ ግን አንድ መከላከያ አለ። ሥራ ያጣ ጎረቤት ወደ እስር የመሄድ ዕድሉ ከተፈቺው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ በሥራ ቁጥር ዜሮ የሆነው ልውውጥ በወንጀል ቁጥር ትርፍ ሊኖረው ይችላል። የድርጅቶች ሪፖርት ይህን ክርክር ሲያነሣ አላየሁም፤ ምናልባት ለለጋሽ ለማስረዳት ስለሚከብድ ይሆናል።

መለኪያው ክፍያ ሲሆን

ወደ ፒተርቦሮ እንመለስ። 17 ባለሀብቶች 5 ሚሊዮን ፓውንድ አዋጡ፤ ከዓመት በታች ተፈርዶባቸው ለሚፈቱ ወንዶች በቤት፣ በሥራና በሱስ ጉዳይ ድጋፍ ተሰጠ። ክፍያው የተንጠለጠለው በእንደገና ፍርድ ቁጥር ላይ ነው። ንድፉ ሁለት ብልሃት ነበረው። አንደኛ፣ አገልግሎቱን የተቀበሉት ብቻ ሳይሆኑ ከእስር ቤቱ የወጡት ሁሉ ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ቀላሉን ሰው መርጦ ከባዱን መተው አያዋጣም። ሁለተኛ፣ የሚቆጠረው ሰውየው ተመለሰ አልተመለሰ ሳይሆን ስንት ጊዜ ተፈረደበት የሚለው ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ሰው ተስፋ ቆርጦ መጣል አያዋጣም። የመጀመሪያዎቹ ሺህ ሰዎች በ8.4 በመቶ ሲሻሻሉ ለብቻቸው የተቀመጠውን የ10 በመቶ ደፍ አላለፉም፤ በ2017 የመጀመሪያውና የሁለተኛው ሺህ ሲደመሩ 9 በመቶ ሆነና 7.5 በመቶ የሆነውን አጠቃላይ ደፍ ስላለፈ ባለሀብቶቹ ገንዘባቸውን ከመጠነኛ ወለድ ጋር አገኙ።

ሁለተኛው ብልሃት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚያው አገር ሌላ ፕሮግራም ያሳያል። ብሪታንያ የአመክሮ አገልግሎቷን ትልቅ ክፍል ለ21 የግል ኩባንያዎች ሰጥታ ከፊሉን ክፍያ ከውጤት ጋር አገናኘች። የብሔራዊ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2019 ሲመረምር ከ2011 እስከ 2017 እንደገና የሚያጠፉ ሰዎች ድርሻ በ2.5 የመቶኛ ነጥብ ቀንሶ፣ የሚያጠፋው ሰው በአማካይ የሚፈጽመው የጥፋት ብዛት ግን በ22 በመቶ ጨምሮ አገኘው። አንዱን መለኪያ ያየ «ተሳካ» ይላል፤ ሌላውን ያየ «ባሰ» ይላል። በ2021 አገልግሎቱ ወደ መንግሥት ተመለሰ።

ኒውዮርክ ደግሞ በ2012 በራይከርስ ለታሰሩ ታዳጊዎች በሚሰጥ የባሕርይ ሕክምና ላይ (የሥራ ፕሮግራም አልነበረም) ተመሳሳይ ውል ገባች። ጎልድማን ሳክስ 7.2 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ ለውጥ ስላልታየ በ2015 ተዘጋ። ከተማዋ አንድ ሳንቲም አልከፈለችም፤ ባንኩም ያጣው 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ቀሪውን የማይክል ብሉምበርግ በጎ አድራጎት ሸፈነው። አደጋውን ባለሀብት ይሸከማል ተብሎ የተነደፈው ውል በመጨረሻ አደጋውን ለለጋሽ አስተላለፈ።

ወዴት ያመራል?

አንዱ አቅጣጫ ርካሽ አማራጭን ማነጻጸር ነው። ሚሺጋን ውስጥ የወንጀል መዝገባቸው በሕግ የተሰረዘላቸው ሰዎች ደመወዝ በአጭር ጊዜ ከአምስት እጅ አንድ በላይ እንዳደገ በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ለአንድ ሰው ሥልጠና ከሚወጣው ጋር ሲታይ ወጪው ጥቂት ነው። ግን ከሚገባቸው ሰዎች ውስጥ በአምስት ዓመት ጊዜ ያሰረዙት 6.5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ጠበቃ ፈልገው፣ ቅጽ ሞልተው የታገሉት። ያው የምርጫ ችግር ነው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም «መሰየም» በሚል ስም ተመሳሳይ በር አለው፤ ስንቱ ተፈቺ በሩ መኖሩን ያውቃል የሚለው ራሱ መለካት ያለበት ነገር ነው። መለካቱ ደግሞ የማረሚያ ቤትን፣ የፍርድ ቤትንና የደመወዝ ግብርን መዝገብ ማገናኘት ይጠይቃል፤ ኒውዮርክም ለንደንም ስለ ፋይዳ የሚናገሩት ይህ ስላላቸው ነው።

ሌላው አቅጣጫ ሥራውን ከመፈታት በፊት መጀመር ነው። ኖርዌይ ውስጥ በዳኞች ልዩነት ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ከመታሰራቸው በፊት ሥራ ያልነበራቸው ሰዎች በእስር ቤት ሥልጠና ምክንያት ኋላ ላይ ይበልጥ እንደሚሠሩና ያነሰ እንደሚያጠፉ አሳይቷል። የኒውዮርኩ የሦስት ወር ግኝትም ወደዚያው ያመለክታል። ገንዘብ የሚሰጥ መንግሥት ከሁሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ሰውየው ከበሩ በወጣ በስንተኛው ቀን አገኛችሁት?» የሚለውን ይመስለኛል፤ ለመቁጠር ቀላል ነው፣ ለማጭበርበርም ይከብዳል።

ሦስተኛው አቅጣጫ የሠራውን ለሁሉም ማዳረስ ነው፤ እዚህ ላይ ፒተርቦሮ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ውሉ ሦስት ጊዜ ሺህ ሰዎችን ለመለካት ነበር። ሦስተኛው ሺህ በውጤት ክፍያ ሳይለካ ቀረ፤ ምክንያቱም መንግሥት ከ2015 ጀምሮ በአጭር ቅጣት የሚፈቱ ሰዎች ሁሉ ክትትል እንዲደረግላቸው በሕግ ደነገገ። ያልተረዳ ተፈቺ በመላ አገሪቱ አልተገኘም፤ ስለዚህ የሚነጻጸር ሰው ጠፋ።